ከኡቡንቱ ወደ ማክ፦ የአንድ የሰርቨር ሠራተኛ ትዝታ

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከአንድ የግል ባንክ የሰርቨር ክፍል ለቅቄ ፒያሳ አካባቢ ባለ አነስተኛ የመጻሕፍት ዝግጅት ቤት ተቀጠርኩ። ደመወዜ ቀነሰ፤ ሰውነቴ ግን ሞቀ። ሰርቨር ክፍል የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን ያጓራል፣ ሚያዝያ ላይ ሹራብ ይለበሳል፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ የሚውሉበት ቀን ይበዛል። እዚያ የነበረው ሥራዬ በሙሉ በተርሚናል ነበር። ሬድ ሃትና ኡቡንቱ የተጫኑባቸው ማሽኖች ስክሪንም ማውስም አልነበራቸውም። በኤስኤስኤች እገባለሁ፣ በባሽ አዛለሁ፣ እወጣለሁ። ትእዛዞቹን ከማስታወስ አልፌ በጣቴ ለምጃቸው ስለነበር፣ አንዳንዴ ሰው «ምን ብለህ ነው የጻፍከው?» ሲለኝ ኪቦርድ ላይ ጣቴን ካላሳረፍኩ መልሱ አይመጣልኝም ነበር።

አዲሱ መሥሪያ ቤት ሌላ ዓለም ነው። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን በጋዜጣ ዝግጅት የፈጁ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ገጽ የምታቀናብረው ዲዛይነር አለች፣ ሁለት ጸሐፊዎች አሉ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ፋይል የሚጠራቀምበት ኡቡንቱ የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ተቀምጧል። እሱን ሳይ የኔ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጋሼ ግን ከመሳቢያቸው አዲስ ማክቡክ አውጥተው፣ «ልጄ፣ እዚህ ቤት ሰው ሁሉ የሚሠራው በዚህ ነው። ያንተንም ሥራ በዚሁ ትሠራዋለህ» አሉኝ። ሥራዬ በብዙ ዓመታት የተጠራቀሙ፣ በተለያየ ሶፍትዌር የተተየቡ የአማርኛ ጽሑፎችን አንድ መልክ ማስያዝ፣ በዩኒኮድ ያልሆነውን ወደ ዩኒኮድ ማዞር፣ ለመጻሕፍቱ የስም ማውጫ ማዘጋጀትና ፋይሉ ሁሉ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነበር።

ማክ ነክቼ አላውቅም። የድሮ ባልደረቦቼ «የዲዛይነር ዕቃ ነው፤ የተማርከውን እዚህ ጥለህ ሂድ» እያሉ ሸኝተውኛል። እኔም በከፊል አምኛቸው ነበር። ማሽኑን ከፍቼ ታች በተደረደሩት ምስሎች መካከል ተርሚናል ፈለግኩ፤ የለም። ዲዛይነሯ ወደኔ ጠጋ ብላ ኮማንድና ስፔስ አንድ ላይ ተጫነችና «ስሙን ጻፈው፣ ወንድሜ» አለችኝ። ጻፍኩት፤ ነጭ መስኮት ተከፈተ። ነጭ መሆኑ ራሱ ትንሽ አስደነገጠኝ። ኤልኤስ አልኩ፤ ዘረዘረልኝ። ሲዲ አልኩ፤ ሄደልኝ። ግሬፕ፣ ካት፣ ታር፣ ኤስኤስኤች፣ ቪም፣ ሁሉም አሉ። አንዱን ትእዛዝ ከሌላው የሚያያይዘው ቀጥ ያለው መስመር፣ ፓይፑም አለ። ዩኔም ብዬ ስጠይቅ ማሽኑ ስሙን «ዳርዊን» ብሎ ነገረኝ።

ያን ቀን ማታ ታሪኩን አነበብኩ። ስቲቭ ጆብስ ከአፕል ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 ኔክስት የሚባል ኩባንያ መሠረተ፤ የኔክስት ሲስተም የተሠራው በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ በተስፋፋው በቢኤስዲ ዩኒክስ ላይ ነው። አፕል በ1996 መጨረሻ ኔክስትን ለመግዛት ተስማማ፤ ከዚያ ግዢ የተወለደው ማክ ኦኤስ ቴን በመጋቢት 2001 ለገበያ ወጣ። ሊኑክስ ግን ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ከባዶ ተነሥቶ የጻፈው ከርነል ነው፤ በዙሪያው ያሉት መሣሪያዎች ደግሞ ሪቻርድ ስቶልማን የጀመረው የግኑ ፕሮጀክት ውጤቶች ናቸው። በእኛ አባባል ማክ የዩኒክስ የሥጋ ዘመድ ሲሆን ሊኑክስ የጡት ልጅ ነው። ለእኔ ይህ ተራ የታሪክ ወሬ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ የገጠመኝ እያንዳንዱ እንግዳ ነገር ማብራሪያው ከዚህ የዘር ሐረግ ይመዘዛል።

የሌለ ነገር አያስቸግርም። አፕት የለም፣ ሲስተምሲቲኤል የለም፣ የማስታወሻ መጠን የሚነግረኝ ፍሪ የለም። ማሽኑ «እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አላገኘሁም» ይላል፤ አንተም ሌላ ትፈልጋለህ። በፍሪ ፈንታ ቪኤምስታት፣ በአይፒ ፈንታ ድሮ የማውቀው አይኤፍኮንፊግ፣ በሆም ፈንታ ዩዘርስ የሚባል ፎልደር። ይህን ሁሉ በጥቂት ቀን ለመድኩት። የሚያስቸግረው ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ሌላ የሆነው ነው።

ሴድን እንውሰድ። ባንክ ቤት ሳለሁ በፋይል ውስጥ ያለን ቃል እዚያው ባለበት ለመለወጥ ሴድን በሰረዝ አይ ስጠራው ኖሬያለሁ። በግኑ ሴድ ሰረዝ አይ ብቻውን ይበቃዋል። በማኩ፣ ማለትም በቢኤስዲው ሴድ፣ ከሰረዝ አይ በኋላ ለመጠባበቂያው ቅጂ የሚሆን ቅጥያ የግድ ይጠበቃል፤ ቅጂ ካልፈለግህ ባዶ ጥቅስ ትሰጠዋለህ። ካልሰጠኸው የለውጥ ትእዛዝህን ራሱን እንደ ቅጥያ ይወስድና የፋይሉን ስም ደግሞ እንደ ትእዛዝ ሊያነበው ይሞክራል። ፋይሉ በላቲን ፊደል «ታሪክ» ተብሎ የተሰየመ ነበርና፣ ሴድ የመጀመሪያውን «ት» ወደ አንድ መለያ ዝለል የሚል ትእዛዝ አድርጎ ተረዳው፤ «አሪክ የሚባል መለያ የለም» ሲል መለሰልኝ። ዲዛይነሯ ከጎኔ ሆና «አሪክ ማነው?» አለች። ቀኑን ሙሉ ቢሮው ውስጥ ስሜ አሪክ ሆኖ ዋለ።

ዴትም እንዲሁ ነው። ኡቡንቱ ላይ ሰረዝ ዲ ብለህ በእንግሊዝኛ «ትናንት» ብትለው የትናንቱን ቀን ያወጣልሃል። ማኩ ያን አያውቅም፤ ሰረዝ ቪ ብለህ አንድ ቀን ቀንስ ትለዋለህ። የፋይል ስም ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። የማክ ዲስክ በመደበኛ አሠራሩ በትልቁና በትንሹ የላቲን ፊደል መካከል ልዩነት አያደርግም፤ ኡቡንቱ ያደርጋል። ስካን የሚያደርጉልን ሰዎች አንዱን ገጽ በትልቁ «ፒ»፣ ሌላውን በትንሹ «ፒ» እየሰየሙ ያስረከቡን ዲስክ ነበር። ኡቡንቱ ላይ ሁለት የነበረው ፋይል ማክ ላይ ሲገለበጥ አንዱ በአንዱ ላይ ይጻፋል። ይህን ካየሁ በኋላ ፎልደሮቹን በግዕዝ ፊደል መሰየም ጀመርኩ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። በዩኒኮድ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል ከነቅርጹ አንድ ቁጥር ስላለው፣ ፈረንሳይኛን እንደሚያስቸግረው ምልክቱ ከፊደሉ ተነጥሎ የሚጻፍበት ጣጣም አይነካውም። በሙያዬ ዘመን ሁሉ «የፋይል ስም በእንግሊዝኛ ይሁን» እየተባልኩ ነው ያደግኩት፤ ሁለቱን ሲስተሞች የሚያስታርቀው የእኛው ፊደል ሆኖ መገኘቱ አሁንም ያስደስተኛል።

ከሁሉ በላይ ልተርከው የምፈልገው የሁለት ነጥቡን ነገር ነው።

ከጽሑፎቹ መካከል በድሮው ሥርዓት የተተየበ፣ በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ ያለበት ረጅም መጽሐፍ ነበር። ጋሼ ለአዲሱ እትም ሁለት ነጥቡ ወጥቶ በባዶ ቦታ እንዲተካ ፈለጉ። አንድን ፊደል በሌላ ለመተካት በዩኒክስ ቤት ከቲአር የሚቀል ነገር የለም፤ ይህን ወደዚያ ለውጥ ትለዋለህ፣ አበቃ። ፋይሉ ያለው በኡቡንቱው ስለነበር እዚያው ገብቼ ሁለት ነጥቡን ወደ ስፔስ ለውጠህ ውጤቱን ሌላ ፋይል ላይ ጻፍልኝ አልኩት። ምንም የስሕተት መልእክት ሳያሳይ ጨረሰ። ፋይሉን ስከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም፤ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ቦታና ጥቁር የጥያቄ ምልክት ነው።

ምክንያቱን ለማየት ጽሑፉን በባይት ዘርዝሬ ተመለከትኩት። በዩቲኤፍ ስምንት አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የግኑ ቲአር ደግሞ ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ባይት ነው። ሁለት ነጥቡን ስሰጠው የተቀበለው አንድ ምልክት ሳይሆን ሦስት የተለያዩ ባይቶች ነው፤ ሦስቱንም የትም ቢያገኛቸው በስፔስ ይተካል። የመጀመሪያው ባይት ግን የሁለት ነጥቡ ብቻ አይደለም። ከሀ እስከ ፐ፣ ከነአኃዞቹና ከነሥርዓተ ነጥቡ፣ የዋናው የግዕዝ ሰንጠረዥ ምልክት ሁሉ የሚጀምረው በዚያው ባይት ነው። ስለዚህ ትእዛዙ የእያንዳንዱን ፊደል ራስ ቆርጦ ጣለ። ዋናው ፋይል አልተነካም ነበር።

ያንኑ ትእዛዝ አንዲት ሰረዝ ሳልለውጥ ማኩ ላይ ጻፍኩት። ሁለት ነጥቡ ወጣ፣ ፊደሉ ሁሉ በቦታው ቀረ፣ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ተነበበ። የቢኤስዲው ቲአር የሚቆጥረው ፊደል ነው። ከዚያ የማውጫውን ሥራ ሞከርኩ። የስሞቹን ዝርዝር ወስጄ የእያንዳንዱን ስም የመጀመሪያ ፊደል ለይቶ ለማውጣት ከትን በሰረዝ ሲ ጠራሁት። ኡቡንቱ ላይ አበበም፣ ለማም፣ ፀሐይም፣ ሁሉም የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት የተሰበረ ምልክት ሆነ፤ በባይት ዓይን ካየኸው ደግሞ እውነቱን ነው። ማኩ ላይ አ፣ ለ፣ ፀ ብሎ ለየልኝ።

ዓመታት ሊኑክስ ላይ ሠርቻለሁ፤ ይህን አላውቅም ነበር። ባንክ ቤት የደንበኛ ስም የሚገባው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ አንድም ቀን አማርኛ በቲአርም በከትም አላሳለፍኩም። ልክ ነው፣ ሴድ ኡቡንቱም ላይ ሥራውን በትክክል ይሠራል፤ ሦስቱን ባይት ባንድነት ፈልጎ ባንድነት ስለሚተካ ሌላውን ፊደል አይነካም። መውጫ መንገድ አለ ማለት ነው። ቁም ነገሩ ግን «የዲዛይነር ዕቃ» የተባለው ማሽን የአማርኛን ፊደል እንደ ፊደል ሲቆጥር፣ የኔ የምለው ሲስተም እንደ ባይት ክምር መቁጠሩ ነው። በዚያች ቀን ለማክ የነበረኝ ንቀት ለቀቀኝ።

ማውጫውን በፊደል ተራ ለመደርደር ደግሞ ያልጠበቅሁት ቀላል ሆነ። ሶርትን የቋንቋ ደንብ ትተህ በባይት ቁጥር ብቻ ደርድር ስትለው፣ ውጤቱ በትክክል ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ የሚሄደው ተራ ነው፤ ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ የተቀመጠው በዚህ ቅደም ተከተል ስለሆነ። ጋሼ የወጣውን ዝርዝር በእርሳስ እየነኩ ተመለከቱ። ሐና እና ሀብቴ ተራርቀው መቀመጣቸውን ሲያዩ ፈገግ አሉ። «ማሽኑ ከእናንተ ይሻላል፤ ሐመሩን ሐ ከሃሌታው ሀ ይለያል» አሉ። ጸሐፊዎቹ ግን «ፀሐይ»ን በአራት ዓይነት ስለጻፉት፣ በግሬፕ ስፈልግ በማእዘን ቅንፍ ጸ እና ፀን፣ ቀጥሎ ሀ፣ ሐ እና ኀን እየደረደርኩ ነበር የምይዘው። ይህ በሁለቱም ሲስተም ይሠራል፤ አማርኛ ለሚያርም ሰው ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ትእዛዝ አላውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ማኩም ጥፋት አለበት። ከማኩ ተርሚናል በኤስኤስኤች ወደ ኡቡንቱው ስገባ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ይሆንብኝ ነበር። ጣጣው የማኩ ተርሚናል የቋንቋ ቅንብሩን «ዩቲኤፍ ስምንት» በሚል ባዶ ስም ብቻ ወደ ሰርቨሩ መላኩ ነው፤ ሊኑክስ ከፊቱ የቋንቋና የአገር ስም ካላየ አያውቀውም። በተርሚናሉ ምርጫዎች ውስጥ ሲነሣ የቋንቋ ቅንብር ይላክ የሚለውን ምልክት ሳጠፋው ተስተካከለ።

የማክ የቅርቡ ዘመን ዩኒክስነት ጥበቃ ይበዛበታል። ባንክ ቤት ሱዱ ያለው ሰው ጌታ ነው። እዚህ ሱዱ ብዬ የሲስተሙን ፎልደር ልነካ ስል «አልተፈቀደም» አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ማክ የሲስተሙን ፋይሎች ከሩት ጭምር ይጠብቃል። በኔ ማሽን ላይ የነበረው የማክ እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ካታሊና፣ ሲስተሙን ለብቻው በማይጻፍበት ክፍል ላይ አስቀመጠው። ከዚያም አልፎ ተርሚናል የሰነዶችን ፎልደር ለመክፈት የተጠቃሚውን ፈቃድ በመስኮት ይጠይቃል። በሌሊት ቅጂ እንዲወስድ በክሮን ያዘጋጀሁት ስክሪፕት ምንም ሳይቀዳ ያድር የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ መስኮቱን አይቶ እሺ የሚል ሰው በሌሊት የለም። መጀመሪያ አናደደኝ። በኋላ ግን የደንበኞቻችን ያልታተሙ ጽሑፎች በዚያ ማሽን ላይ መሆናቸውን ሳስብ አሠራሩን ተቀበልኩት።

ክሮንን ትቼ የማኩን ላውንችዲ ተማርኩ። አፕል ይህን እ.ኤ.አ. በ2005 ነው ያመጣው፤ የሊኑክሱን ሲስተምዲ የጀመረው ሌናርት ፖተሪንግ ራሱ ሐሳቡን ሲያቀርብ ላውንችዲን በስሙ ጠቅሶታል። የሚዋቀረው በኤክስኤምኤል ነው፣ አጻጻፉ አሰልቺ ነው፣ አንዲት ምልክት ብትጎድል ዝም ይላል። አንድ ነገሩ ግን ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል፤ ማሽኑ ተኝቶ ሳለ ሰዓቱ ያለፈበትን ሥራ ሲነቃ ይሠራዋል። ክሮን ያለፈው አለፈ ነው የሚለው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፖቹ ባትሪ ለመቆጠብ ይዘጋሉ፤ ጠዋት ክዳኑ ሲከፈት የሌሊቱ ቅጂ ይጀምራል።

በዚህ ሁሉ መሃል የሚነሣ ክርክር አለ። ሆምብሩ የሚባለውን የማክ መጫኛ ካስገባህ የግኑን መሣሪያዎች በሙሉ ማምጣት ትችላለህ፤ ከየስማቸው ፊት «ጂ» ተጨምሮባቸው ይቀመጣሉ። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን ያን ያደርግና ማኩን ሊኑክስ አስመስሎ ይኖራል። እኔ ይህን አልወድም። አንደኛ፣ ማሽንህን አስተካክለህ የሰው ማሽን ላይ ስትቀመጥ እንግዳ ትሆናለህ፤ በጸሐፊዎቹ ማሽን ላይ ሆምብሩ የለም። ሁለተኛ፣ የግኑን ከት ስታመጣ የባይት ችግሩንም ይዘህ ትመጣለህ። እኔ ያመጣሁት ግድ የሆነብኝን ብቻ ነው።

ግድ ከሆኑት አንዱ አዲስ ባሽ ነበር። የድሮ የጋዜጣ ፋይሎችን በቀን ቅደም ተከተል የሚደረድር ስክሪፕት ነበረኝ፤ መስከረምን ከ1፣ ጳጉሜን ከ13 ጋር የሚያያይዝ ሰንጠረዥ ይጠቀማል። እንዲህ ዓይነቱ ሰንጠረዥ በባሽ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 በአራተኛው እትም ነው። የማኩ ባሽ ግን 3.2 ላይ ቆሟል፤ ምክንያቱ ቀጣዮቹ እትሞች የወጡበትን የጂፒኤል ሦስተኛ ፈቃድ አፕል አለመፈለጉ ነው ይባላል። ካታሊና ላይ መደበኛው ሼል ራሱ ዚ ሼል ሆኗል። በኋላ ስክሪፕቱን ወደ ዚ ሼል አዞርኩት፤ ዚ ሼል ዝርዝርን ከዜሮ ሳይሆን ከ1 ስለሚቆጥር መስከረም ያለ ምንም ሰንጠረዥ 1ኛ ሆኖ ተቀመጠ።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ለሦስት ሳምንት ያህል አልተመለሰም። ለማተሚያ ቤት ቀነ ቀጠሮ የተያዘለት መጽሐፍ በእጃችን ነበር። ያኔ ሞያዬ ምን ያህል በመፈለጊያ ሳጥን ላይ የተንጠለጠለ እንደነበር ገባኝ፤ የማልረዳው ነገር ሲገጥመኝ ጣቴ ወደ ብራውዘሩ ይሮጣል፣ ብራውዘሩ ባዶ ነው። የቀረኝ ማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው ማኑዋል ብቻ ነበር። የቢኤስዲ ማኑዋሎች አጻጻፍ ይለያል። የግኑ ማኑዋል ምርጫዎቹን ዘርዝሮ ለዝርዝሩ ሌላ ቦታ ሂድ ይልሃል፤ የቢኤስዲው ምሳሌ ያሳያል፣ መደበኛ ያልሆነውን ምርጫ መደበኛ አይደለም ብሎ ይናገራል፣ መጨረሻ ላይ ትእዛዙ ከየት እንደመጣ ታሪኩን ያስቀምጣል። የሴድ ማኑዋል ሰረዝ አይ ሌላ ሲስተም ላይ ላይኖር እንደሚችል በግልጽ ያስጠነቅቃል። ኢንተርኔት ሳለ አንድም ቀን ወደዚያ ገጽ አልወረድኩም ነበር።

ማኑዋልን ለኅትመት በሚመች መልክ አውጥቶ በፕሪቪው የሚከፍት የአንድ መስመር ትእዛዝ ነበር። የሴድን፣ የኦክን፣ የፋይንድን፣ የዚ ሼልን አተምኳቸው፤ ጋሼ ወረቀቱ ሲከመር አይተው የሴዱን አንሥተው አነበቡ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የታሪክ ክፍል፣ ሴድን ማክማሆን የተባለ ሰው እንደጻፈውና በሰባተኛው የዩኒክስ እትም እንደወጣ የሚለውን፣ ጮክ ብለው አነበቡልን። «ደራሲው በስሙ የተመሰገነበት ማኑዋል!» አሉ፤ ለደራሲ የሚቆረቆሩ ሰው ናቸው። መጽሐፉ ኢንተርኔት ሳይመለስ ተጠናቆ በፍላሽ ወደ ማተሚያ ቤት ሄደ።

እስካሁን የተረክሁት እኔ ከሊኑክስ ያመጣሁትን ከማኩ ጋር ስላስማማሁበት ነው። ማኩ ብቻ ያለው ነገርም ነበር፤ በተለይ ለእንደኛ ዓይነት ቤት። ቴክስትዩቲል የሚባለው ትእዛዝ በመቶ የሚቆጠሩ የወርድ ፋይሎችን ባንድ ጊዜ ወደ ተራ ጽሑፍ ይለውጣል፤ ወርድ መጫን እንኳ አያስፈልግም። ሲፕስ ፎቶዎችን ባንድ መስመር ያሳንሳል። ፒቢኮፒ ከተርሚናል የወጣውን ሁሉ ኮፒ ያደርግልሃል፤ ሄደህ ገጽ ማቀናበሪያው ላይ ፔስት ነው። ካፊኔት ረጅም ሥራ እስኪያልቅ ማሽኑ እንዳይተኛ ያደርጋል። ኮፒ የሚደረገው በኮማንድ፣ ሥራ የሚቋረጠው በኮንትሮል ስለሆነ ሁለቱ አይጋጩም፤ ሊኑክስ ላይ ኮፒ ለማድረግ ሺፍት መጨመር የነበረብኝን ሳስበው አሁን ይገርመኛል። በባሽ የለመድኩት፣ በኮንትሮል ኤ ወደ መስመር መጀመሪያ፣ በኮንትሮል ኢ ወደ መጨረሻ መሄድ ደግሞ ማክ ላይ በተርሚናል ብቻ ሳይሆን ጽሑፍ በሚጻፍበት ቦታ ሁሉ ይሠራል።

ዲዛይነሯን ወደ ተርሚናል ያመጣት ፎልደር እየጎተቱ መስኮቱ ላይ መጣል መቻሉ ነው። አድራሻው ራሱ ይጻፋል። አንድ ቀን ለአንድ መጽሐፍ የተነሡ በርካታ ፎቶዎችን እያንዳንዳቸውን ከፍታ ልታሳንስ ስትዘጋጅ አየኋት። ሲፕስን በአንድ ዙር ትእዛዝ ጻፍኩላት፤ ፎልደሩን ራሷ ጎትታ ጣለች፣ ኤንተር ተጫነች፣ ሻይ ሳናዝዝ አለቀ። «ይህን ስንት ዓመት ደበቅከን?» አለች፤ ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። በሳምንቱ ትእዛዙን ራሷ ለውጣ ለሌላ መጠን ስትጠቀምበት አገኘኋት። እሷ በበኩሏ የተደበቁ ፋይሎችን በፋይንደር እንዴት እንደምገልጥ፣ ፋይል ሳይከፈት በስፔስ እንዴት እንደሚታይ አሳየችኝ። አንድ ነገር ግን ሁለታችንም ማስቀረት አልቻልንም፤ ማኮቹ የኡቡንቱው ዲስክ ላይ በየፎልደሩ የሚጥሉት በነጥብ የሚጀምር ትንሽ ፋይል አለ፤ ዛሬም በየሳምንቱ በፋይንድ እየለቀምኩ አጠፋዋለሁ።

ባልደረቦቼ የተማርከውን ጥለህ ሂድ ያሉኝ ነገር ትክክል አልነበረም። ከያዝኩት አብዛኛው አገለገለኝ። በድፍረት የምናገረው ፍርድ ይህ ነው፤ አማርኛ ጽሑፍ በተርሚናል ለሚያርምና ለሚያዘጋጅ ሰው፣ ያኔ በእጃችን ከነበሩት ሁለት ሲስተሞች በዚህ ሥራ የተሻለው ማኩ ነበር፤ ሰርቨር ለማስተዳደር ግን ዛሬም ሊኑክስን አልለውጥም።

ከሊኑክስ ወደ ማክ የምትሻገሩ ካላችሁ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አትጫኑ። የምታውቁትን እያንዳንዱን ትእዛዝ ማኑዋሉን ከፍታችሁ እንደ አዲስ አንብቡት፤ በተለይ ሴድን፣ ዴትን፣ ፋይንድንና ፒኤስን። በየትኛውም ሲስተም የምትሠሩ ደግሞ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ከነሁለት ነጥቡ በፋይል አስቀምጡና የምትተማመኑባቸውን መሣሪያዎች በሙሉ በእሱ ፈትኗቸው። የሚያበላሽ ካገኛችሁ ትእዛዙንና ውጤቱን ጨምራችሁ ለአዘጋጆቹ ጻፉላቸው። የግኑ መሣሪያዎች ነጻ ሶፍትዌር ናቸው፤ ምንጫቸው ክፍት ነው፣ የሳንካ ሪፖርትም ከማንም ይቀበላሉ።